«ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ»፦ «ዕሩይ» የኒቅያን ቃል በሙሉ ይሸከማል?

የንባብ ጠረጴዛ
ሰላም ለሁላችሁ። ወልድ ፍጡር ነው ባለው በእስክንድርያው ካህን በአርዮስ ክርክር ላይ ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚሆን ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው፤ አንድ ቃል ላይ ቆሟል። ጸሎተ ሃይማኖት በግእዝ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ይላል። በግሪኩ ቦታው ላይ ያለው ቃል «ሆሞኡሲዮስ» ነው፤ «ሆሞ» ያው፣ አንድ ዓይነት፤ «ኡሲያ» ህላዌ፣ ባሕርይ ማለት ነው። «ዕሩይ» ግን እኩል ነው። ሁለት ነገሥታት በክብር እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኩል በመሆናቸው አንድ አይሆኑም። ታዲያ የግእዙ ተርጓሚ ቃሉን አሳንሶታል ማለት ነው?

ሁለተኛ፣ ረቂቁ ውስጥ ያለችውን ይህችን አንቀጽ እባካችሁ አበጥሩልኝ፦

«በ325 ዓ.ም. 318 ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው ክርስቶስ አምላክ ነው ወይስ ሰው በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። አርዮስ ‹ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበር› ይል ነበር። ከሆሞኡሲዮስ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ ‹ሆሞይኡሲዮስ› የሚል ቃልም አቀረበ። አትናቴዎስ ጉባኤውን መርቶ ዛሬ የምንጸልየውን ጸሎተ ሃይማኖት አስጻፈ።»

ፊደል ቆጣሪ
ከቃሉ ልጀምር፤ አንቀጽዋ ብዙ ሥራ አለባት፣ ለሌሎችም ትተርፋለች።

«ዕሩይ ለሁለትነት በር ይከፍታል» የሚለው ስጋት ልክ ከሆነ፣ ያው ስጋት ግሪኩንም ያገኘዋል። ሆሞኡሲዮስ ብቻውን ሲቆም «በቁጥር አንድ» ማለት አይደለም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ በ433 እ.ኤ.አ. የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስና የአንጾኪያው ዮሐንስ በታረቁበት ጽሑፍ ላይ ያው ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ክርስቶስ በመለኮቱ ከአብ ጋር ሆሞኡሲዮስ፣ በትስብእቱ (በሰውነቱ) ከእኛ ጋር ሆሞኡሲዮስ ነው ይላል። ከእኛ ጋር በቁጥር አንድ ሰው ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ አንዱን አምላክነት የሚጠብቀው ቃሉ ብቻውን ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነው። በግእዙ አንብቡት፦ «በአሐዱ አምላክ» ብሎ ይጀምራል፣ «ወልደ አብ ዋሕድ» ይላል፣ «አምላክ ዘእምአምላክ ዘበአማን» ይላል፣ «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ዘዕሩይ» የሚመጣው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሁለተኛ አምላክ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ደግሞም «ዕሩይ» ብቻውን አልተተወም። «በመለኮቱ» ተብሏል። በክብር እኩል፣ በሥልጣን እኩል፣ በፈቃድ የተስማማ ማለት በቂ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ይፈርሙ ነበር። በ341 በአንጾኪያ የተጻፈው የሃይማኖት መግለጫ ሥላሴን በአካል ሦስት «በስምምነት አንድ» ብሎ ነበር የገለጸው። «በመለኮቱ» የሚለው ቃል ያንን በር ይዘጋል፤ የሚተካከሉበትን ነገር ለይቶ ይናገራልና።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አስቀረሁት። አርዮስ «ታሊያ» የተባለ በግጥም የተጻፈ ሥራ ነበረው፤ ቁርጥራጩን ያቆየልን ተቃዋሚው፣ ኋላ የእስክንድርያ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስ ነው። እዚያ ላይ ስለ ወልድ የተነገረው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከእግዚአብሔር ጋር አይተካከልም፣ ሆሞኡሲዮስም አይደለም። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን፣ እኩልነቱም የባሕርይ አንድነቱም በአንድ ትንፋሽ ሲካዱ ታያላችሁ። ግእዙ «ዘዕሩይ» ሲል አርዮስ በገዛ አፉ የካደውን ቃል ነው ያነሣው። ይህ ማሳነስ አይደለም።

ሕዳግ
ወደ አንቀጽዋ ልግባ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት አለበት፤ ትልቁ «አምላክ ነው ወይስ ሰው» የሚለው ነው።

አርዮስ ለኒቆምድያው አውሳብዮስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ወልድን «አምላክ»፣ «አንድያ»፣ «የማይለወጥ» ይለዋል። ቃሉን አልጠላውም። ጥያቄው ሌላ ነበር፤ በፈጣሪና በፍጡር መካከል መስመር ቢሰመር ወልድ ከየትኛው ወገን ነው? አርዮስ ለእስክንድርያው ጳጳስ ለእለ እስክንድሮስ በጻፈው ላይ «ፍጹም የሆነ የእግዚአብሔር ፍጡር፣ ነገር ግን ከፍጥረታት እንደ አንዱ ያልሆነ» ይላል። ይህን ካልጻፋችሁ አንባቢው አርዮስን ክርስቶስን ተራ ሰው ያለ አድርጎ ይወስደዋል፤ ያ የጳውሎስ ሳምሳጢ ክስ ነው፣ የአርዮስ አይደለም። የአርዮስ ትምህርት ያሳተው ይህን ያህል ለእውነት ስለቀረበ ነው። ወልድን ከመላእክት ሁሉ በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ ዓለም የተፈጠረው በእርሱ ነው ይላል፣ መጨረሻ ላይ ግን ከመስመሩ በዚህኛው ወገን ያስቀረዋል።

«ድምፅ ሰጡ» የሚለውም ቀርቶ «ፈረሙ» ይባል። እስከ መጨረሻው አንፈርምም ያሉት ሁለት የሊቢያ ጳጳሳት ናቸው፤ ቴዎናስ ዘማርማሪካና ሰኩንዱስ ዘጵጦሌማይስ። ከአርዮስ ጋር ተጋዙ። የኒቆምድያው አውሳብዮስና የኒቅያው ቴዎግኒስ የሃይማኖቱን ቃል ፈርመው ነበር፤ የተጋዙት ከጉባኤው በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ሁለት አውሳብዮሶች አሉ፤ የታሪክ ጸሐፊው የቂሳርያው ነው፣ የአርዮስ ደጋፊዎች መሪ የኒቆምድያው ነው። በአማርኛ ጽሑፎች ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ደጋግመን እናያለን፤ ስሙን ያለ ከተማው አትጻፉት።

318 የሚለውን አታውጡት፣ የቤተ ክርስቲያን ስም ሆኗልና፤ ግን «በትውፊት» በሉት። በጉባኤው የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ ከ250 በላይ ይላል፤ እርሱም የነበረበት የአንጾኪያው ኤዎስጣቴዎስ 270 አካባቢ፤ አትናቴዎስ አንድ ቦታ 300 ያህል፣ በኋለኛው ዘመኑ ደግሞ 318። ቁጥሩ ከዘፍጥረት 14፥14፣ ከአብርሃም 318 ብላቴኖች ጋር ተያይዟል፤ በግሪክ አኃዝ ሲጻፍ የመስቀል ምልክት የሆነችው ታውና የኢየሱስ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ናቸውና። ይህ ምሥጢር ከኒቅያ በፊትም ይታወቅ ነበር።

የንባብ ጠረጴዛ
እግዜር ይስጥልኝ። ሕዳግ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሆሞኡሲዮስ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። ተማሪዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነው የሚሆነው። ለምን ከመጽሐፍ ውጭ ወጡ?

ሕዳግ
አትናቴዎስ ስለ ኒቅያ ውሳኔ በጻፈው ላይ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ አስቀምጦታል፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ሰሌዳ ላይ በአንድ ወገን ቃሉን፣ በሌላ ወገን የተሰጠውን መልስ እየጻፉ ቢሄዱ ይበራላቸዋል።

አባቶች መጀመሪያ የመጽሐፍን ቃል ብቻ ሊጽፉ ፈልገው ነበር። ወልድ «ከእግዚአብሔር ነው» ይባል አሉ። የኒቆምድያው አውሳብዮስ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተያይተው «እንስማማለን፤ ‹ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው› ተብሎ ተጽፏልና» አሉ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 8፥6ና 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥18ን ይዘው። ስለዚህ «ከእግዚአብሔር» የሚለው ቃል ወልድን ከሰማይና ከምድር አልለየውም። «የእግዚአብሔር ኃይል» ይባል ተባለ። ኢዩኤል 2፥25 ላይ አንበጣና ኩብኩባ እንኳ «ታላቁ ኃይሌ» ተብለዋል፤ በአማርኛው «ሠራዊቴ» ይላል፣ በግሪኩ ግን ያው «ኃይል» የሚለው ቃል ነው። «የአብ ምሳሌ» ይባል ተባለ። ሰውም የእግዚአብሔር ምሳሌ ነው፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥7። «ሁልጊዜ» የሚለውስ? 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥11 ላይ ስለ እኛም «ሁልጊዜ» ተብሏል። «በእርሱ»? «በእርሱ ሕያዋን ነን» ተብሎ ስለ ሰዎች ሁሉ ተጽፏል።

የተሸነፈው መጽሐፍ አልነበረም፤ አንዱን ጥቅስ በሌላ ጥቅስ ትርጉም ማሟሟት እንደሚቻል ታየ። ስለዚህ ለሁለት ትርጉም የማይመች ቃል ያስፈልግ ነበር። ሁለት ሐረግ ጨመሩ፦ «ይኸውም ከአብ ኡሲያ» እና «ሆሞኡሲዮስ»። የመጀመሪያው «ከእግዚአብሔር» የሚለው እንደ ፍጥረት እንዳይተረጐም አጠረው፤ ሁለተኛው «ምሳሌ» የሚለውን አጠረው። ተቃዋሚዎቹ የማይቀበሉት ቃል መሆኑም አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ቃሉ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቃሉ ችግር አልነበረበትም አትበሉ ግን። በ268 በአንጾኪያ ጳውሎስ ሳምሳጢ በተወገዘበት ጉባኤ ያው ቃል ተነቅፎ ነበር። እንደ ብረት ወይም እንደ ሸክላ የሚቆረስ ነገር ያስመስላል የሚሉም ነበሩ፤ ሰባልዮስን ያስታውሰናል፣ አብና ወልድን አንድ አካል ያደርጋል የሚሉም ነበሩ። የቂሳርያው አውሳብዮስ ለሀገረ ስብከቱ በጻፈው ደብዳቤ እንዴት እንደፈረመ ሲያስረዳ የሚታገለው ከዚህ ስጋት ጋር ነው።

ዘአክሱም
«ያልነበረበት ጊዜ ነበር» የሚለው ላይ ላቁማችሁ። ይህ በአማርኛ ከሁሉ በላይ የተስፋፋ ስሕተት ነው።

በግሪኩ ውስጥ «ጊዜ» የሚል ስም የለም። ቃል በቃል «ያልነበረበት ነበር» ነው። አርዮስ ቃሉን ሆን ብሎ ነው የተወው፤ በደብዳቤዎቹ ላይ ወልድ «ከዘመናትና ከዓለማት በፊት» ተወለደ ይላል። እንግዲህ ተማሪው «አርዮስ ወልድ በዘመን ተወለደ አለ» ብሎ ቢነሣና ያንን ሲያፈርስ ቢውል፣ አርዮስ ያላለውን ነው የሚያፈርሰው። አንድ አንባቢ ደብዳቤውን ገልጦ ቢያሳየው ትምህርቱ በሙሉ ይወድቅበታል።

በጽሑፋችሁ ላይ ጉባኤው በሃይማኖቱ ቃል መጨረሻ ካስከተለው ውግዘት ከሦስቱ ሐረጎች ግልጹን ውሰዱ። ሦስቱ «ያልነበረበት ነበር»፣ «ከመወለዱ በፊት አልነበረም»፣ «ካለመኖር ተገኘ» ናቸው። ሁለተኛው በአማርኛ ያለ ጥርጥር ይሰማል።

መልሱም ከዚህ ነው የሚነሣው። እለ እስክንድሮስ እንዲህ ይሞግታል፦ «ነበር» ካላችሁ ክፍተት አኑራችኋል፤ ክፍተትም ዘመንም ሁሉ በወልድ የተፈጠረ ነው፣ «ሁሉ በእርሱ ሆነ» ተብሏልና፤ ታዲያ ወልድ የሠራው ነገር ከወልድ እንዴት ይቀድማል? አትናቴዎስ ይጨምርበታል፦ ወልድ የአብ ጥበብና ቃል ከሆነ፣ ወልድ ያልነበረበት ካለ አብ ያለ ጥበብና ያለ ቃል የነበረበት አለ ማለት ነው። ብርሃን ያለ ጸዳል ነበረ እንደማለት ነው።

ሌላም አለ፤ አርዮሳውያን ወልድ ለምን ተፈጠረ ሲባሉ፣ ሌላው ፍጥረት የእግዚአብሔርን ቀጥተኛ እጅ መቋቋም ስለማይችል መካከለኛ አስፈለገ ይሉ ነበር። የአትናቴዎስ መልስ አጭር ነው፦ ያ መካከለኛ ራሱ ፍጡር ከሆነ እርሱም እጁን አይቋቋምም፤ ሌላ መካከለኛ ያስፈልገዋል፣ ለዚያም ሌላ፤ ፍጥረት ከቶ አይጀምርም። ጥምቀትንም ያነሣል፤ ወልድ ፍጡር ከሆነ በፈጣሪና በፍጡር ስም እንጠመቃለን ወይ?

ፊደል ቆጣሪ
ዘአክሱም የጠቀሰውን «ከመወለዱ በፊት» በሚመለከት አንድ የፊደል ነገር ልጨምር። ግሪኩ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት አሉት፦ «አጌኔቶስ» በአንድ ነ ሲጻፍ ወደ መኖር ያልመጣ፣ በሁለት ነ ሲጻፍ ያልተወለደ። በአራተኛው መቶ ዘመን ሁለቱ ሲጻፉም ሲነገሩም ይቀላቀሉ ነበር። የአርዮስ ወገን ክርክር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ያልተወለደ አብ ብቻ ነው፣ ወልድ ተወልዷል፣ ስለዚህ ወደ መኖር መጥቷል። «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» የሚለው ሐረግ ሁለቱን በቢላ ለየ፤ ተወልዷል፣ አልተሠራም። ግእዙ «ተገብረ» ያለው የግሪኩን «ተሠራ» በትክክል ተከትሎ ነው። አማርኛችን «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ይላል፤ ሐሳቡ ያው ነው፣ ግን ግእዙን እየጠቀሳችሁ ከሆነ «ገብረ»ን በ«ፈጠረ» አትለውጡት።

አሁን ስለ አንዲቷ ፊደል። ሆሞይኡሲዮስ፣ «በባሕርይ የሚመስል»፣ የአርዮስ ቃል አይደለም፤ በኒቅያም አልተነሣም። አርዮስ በ336 ሞቷል። ቃሉ ወደ መድረክ የወጣው በ358፣ ከኒቅያ 33 ዓመት በኋላ፣ በዕንቆራው ባስልዮስ እጅ ነው (የቂሳርያው ታላቁ ባስልዮስ ሌላ ነው)። የወጣበትም ምክንያት አርዮስን ለመደገፍ ሳይሆን ለመቃወም ነበር። በ357 በሲርምዮም የተጻፈ መግለጫ ሆሞኡሲዮስንም ሆሞይኡሲዮስንም፣ «ኡሲያ» የሚለውን ሁሉ ከልክሎ ነበር፤ በዚያው ወቅት አኤቲዮስና አውኖምዮስ ወልድ ከአብ ጋር አይመሳሰልም እስከ ማለት ደረሱ። ሆሞይኡሲዮስ ያሉት ሰዎች ሰባልዮስን ፈርተው እንጂ ወልድ ፍጡር ነው ብለው አልነበረም። አትናቴዎስ ራሱ እንደ ወንድም ነው የተናገራቸው፤ በሐሳብ ከእኛ ጋር ናቸው፣ በቃሉ ብቻ ያመነታሉ አላቸው።

በ359 ግን ንጉሥ ቈንስጣንዮስ ሁለት ጉባኤ አስጠራ፦ በምዕራብ በአሪሚኑም ከ400 በላይ ጳጳሳት፣ በምሥራቅ በሴሌውቅያ 160 ያህል። በግፊት የተፈረመው ቃል «ወልድ አብን ይመስላል» የሚል ብቻ ነበር፤ በምን እንደሚመስል አይናገርም። ስለዚህ «ኒቅያ ወሰነ፣ ክርክሩም አበቃ» ብላችሁ አትጻፉ። ከባዱ ዘመን ከኒቅያ በኋላ እስከ ቁስጥንጥንያ ጉባኤ (381) ያለው 56 ዓመት ነው። አትናቴዎስ 5 ጊዜ የተሰደደው በዚያ ውስጥ ነው፤ ከ45 ዓመት ጵጵስናው 17 ያህሉ በስደት አለፈ።

ሕዳግ
ትክክል። ስለ አትናቴዎስም፦ በኒቅያ ጊዜ ዲያቆን ነበር፤ ከእለ እስክንድሮስ ጋር ነው የሄደው፣ ጳጳስ የሆነው በ328 ነው። በፊርማዎቹ መዝገብ ላይ ቀድሞ የሚገኘው የቆርዶቫው ሖስዮስ ነው። «መርቶ» የሚለው ይውጣ።

«ዛሬ የምንጸልየው» የሚለውም ይታረም። የ325ቱ ቃል «በመንፈስ ቅዱስም» ብሎ ያበቃና ውግዘት ያስከትላል። «ማሕየዊ ዘሠረፀ እምአብ» የሚለው የቁስጥንጥንያ፣ የ381፣ የ150 ጳጳሳት ነው። «ለመንግሥቱ ፍጻሜ የለውም» የሚለውም የዕንቆራውን መርቄሎስ ለመቃወም የተጨመረ ነው። «ይኸውም ከአብ ኡሲያ» የሚለው ደግሞ በ381ዱ ጽሑፍ የለም። ከግእዙ ጋር ስታመሳክሩ አንድ የሚያምር ልዩነት ታያላችሁ፦ ግሪኩ «ከዘመናት ሁሉ በፊት ከአብ የተወለደ» በሚልበት ቦታ ግእዙ «ዘህልው ምስሌሁ እምቅድመ ይትፈጠር ዓለም» ይላል፤ ከእርሱ ጋር የነበረ። «ያልነበረበት ነበር» ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ መልስ የለም።

ብራና ገላጭ
ምሳሌ 8፥22ን ሳትጽፉ አትለፉ። የአርዮሳውያን ዋና ጥቅስ ያ ነበር። በሰብዓ ሊቃናት ግሪክ ጥበብ «እግዚአብሔር የመንገዱ መጀመሪያ አድርጎ ፈጠረኝ» ትላለች፤ ጥበብም ክርስቶስ መሆኑን ሁለቱም ወገን ተቀብለዋል። ዛሬ ብዙ ሰው «ስለ ክርስቶስ አይናገርም» ብሎ ያመልጣል፤ ያኔ እንዲህ ያመለጠ ብዙ አልነበረም።

መልሶቹ ሁለት ናቸው። አትናቴዎስ «ፈጠረኝ» የተባለው ስለ ሥጋዌው ነው፣ ቁጥር 25 ላይ «ወለደኝ» የሚለው ደግሞ ስለ ባሕርዩ ነው ይላል። የቂሳርያው ባስልዮስ በአውኖምዮስ ላይ ሲጽፍ ሌሎች ተርጓሚዎች ዕብራይስጡን «ገንዘብ አደረገኝ» ብለው እንደተረጐሙት ያስታውሳል፤ የዕብራይስጡ ግሥ «ቃና» ነውና። ለተማሪ ሁለቱንም ስጡት፣ ግን አትቀላቅሏቸው፤ የመጀመሪያው ትርጓሜ ነው፣ ሁለተኛው የቃል ምርመራ ነው።

ዘአክሱም
ከአክሱም ጋር የሚያገናኘውም ይግባ፣ ሁለት መስመር ይበቃል። በ356/357 አካባቢ ቈንስጣንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ በአትናቴዎስ ወንበር በተቀመጠው በጊዮርጊስ ዘቀጰዶቅያ ፊት ሃይማኖቱ ይመርመር የሚል። የደብዳቤውን ቃል ያቆየልን አትናቴዎስ ለዚያው ንጉሥ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን በግእዝ የምንለው ሰዎች ከክርክሩ ዳር አልነበርንም።

የንባብ ጠረጴዛ
የታረመው ይኸው፤ እዩልኝ፦

«በ325 እ.ኤ.አ. ሠለስቱ ምዕት (በትውፊት 318) በኒቅያ ተሰብስበው ወልድ ከፈጣሪ ወገን ነው ወይስ ከፍጡር በሚለው ላይ ተከራከሩ። አርዮስ ወልድን አምላክ እያለ ‹ከመወለዱ በፊት አልነበረም፣ ካለመኖር ተገኘ› ይል ነበር። ጉባኤው በ‹ሆሞኡሲዮስ› መለሰለት፤ ሥላሴም በኡሲያ አንድ፣ በሂፖስታሲስ ሦስት መሆናቸውን ወሰነ። ዛሬ የምንጸልየው ቃል በ381 በቁስጥንጥንያ የተስፋፋው ነው።»

ፊደል ቆጣሪ
ከአንዲት ሐረግ በቀር ልክ ነው። «በኡሲያ አንድ፣ በሂፖስታሲስ ሦስት» ያለው ኒቅያ አይደለም። የ325ቱ ውግዘት ወልድ «ከሌላ ሂፖስታሲስ ወይም ኡሲያ ነው» የሚለውን ያወግዛል፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ነው የያዛቸው። ተማሪው ዛሬ ባለን ትርጉም፣ ሂፖስታሲስን «አካል» ብሎ ውግዘቱን ቢያነብ ኒቅያ ሦስቱን አካላት የካደ ይመስለዋል። የተለያዩት በኋላ ነው፤ በ362 በእስክንድርያ ጉባኤ አትናቴዎስ «ሦስት» የሚሉትንም «አንድ» የሚሉትንም ምን ማለታችሁ ነው ብሎ ጠየቃቸው፣ ሐሳባቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የቂሳርያው ባስልዮስና ሁለቱ ጎርጎርዮሶች (ዘእንዚናዙና ዘኑሲስ) ቃላቱን ለዩአቸው፤ የእኛ «አካል» እና «ባሕርይ» ከዚያ መለያየት በኋላ የቆሙ ናቸው።

ሐረጓን አትሰርዟት። ወደ ገጽ 4፣ ከ362 በኋላ ወዳለው ክፍል አዛውሯት፣ በቦታዋም ግእዙን አግቡ፦ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ»።